ጥቅምት ሳያልፍ፦ ሐይቅ ዳር፣ እሸት እና የታሪክ መጽሐፍ

ጠዋት በር ሲከፍቱ ፊትዎን የሚነካው አየር ተለውጧል። ክረምቱን ሙሉ ጣሪያ ሲደበድብ የነበረው ዝናብ ቆሟል፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። የግቢው ጭቃ ደርቋል። ፀሐይዋ ትሞቃለች፣ ጥላ ውስጥ ግን ሹራብ ያስፈልጋል። ማታ ደግሞ ጋቢ ከሣጥን ይወጣል። ጥቅምት ገብቷል ማለት ነው።

ይህ ወር ብዙ ጊዜ ሳናየው ያልፋል። መስከረም በዓሉና የትምህርት ቤት ወጪው ይይዘናል፤ ታኅሣሥ ሲደርስ ስለ ገና ማሰብ እንጀምራለን። በመካከል ያሉት ሳምንታት በሥራ፣ በትራፊክና በልጆች የቤት ሥራ ያልቃሉ። ነገር ግን በዓመት ውስጥ ለቤተሰብ እግር ጉዞ፣ ለሐይቅ ዳር ቅዳሜና ለረጅም የማታ ንባብ እንደ ጥቅምትና ኅዳር የሚመች ጊዜ የለም። መንገዱ ደርቋል፣ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አቧራውም አልተነሣም። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ቢኖር ቀኑን አስቀድሞ መቁረጥ ነው።

ወቅቱን በስሙ መጥራት

ልጅዎን «አሁን ያለንበት ወቅት ምን ይባላል?» ብለው ይጠይቁት። ምናልባት «በጋ» ይልዎታል፤ ወይም ከፊልም የሰማውን ጠቅሶ ስለሚረግፍ ቅጠል ያወራል። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በዚህ ሰሞን የሚልኩት ፎቶ ቢጫና ቀይ ቅጠል የለበሰ ዛፍ ነው። እነሱ ዘንድ ምድር ለእንቅልፍ እየተዘጋጀች ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከእንቅልፏ ነቅታ አበባዋንና ፍሬዋን የምታሳይበት ጊዜ ነው።

በአገራችን የቆየ አቆጣጠር ዓመቱ በ4 ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ቀጥሎ የሚመጣው መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። ከዚያ በጋ ወይም ሐጋይ እስከ መጋቢት 25፣ ከዚያም ጸደይ እስከ ሰኔ 25 ይሆናል። ብዙዎቻችን የአበባውን ጊዜ «ጸደይ» እያልን እንጠራዋለን፤ ትክክለኛ ስሙ ግን መጸው ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ የአበባ ዘመን ማለት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ቅዳሜ ማታ ተገብቶ እስከ እሑድ ንጋት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል።

በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ዝናቡ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት «ብራ» ይባላል። ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪም እንግዳ አይደለም፤ «ቀኑ ብራ ሆነ» እንላለን። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ዳር የሚከበረው ኢሬቻም ከጨለማው ክረምት ወደ ብራው ላሻገረ ፈጣሪ ምስጋና የሚቀርብበት ነው። እንግዲህ ስሙ ይለያይ እንጂ በዚህ አገር ያለ ሰው ሁሉ ይህን ወቅት የሚቀበለው በምስጋና ነው። ለልጆች ቢነገር ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ በላይ የሚያስተምር ነገር ነው።

ቢሾፍቱ፦ እሳት የቆፈራቸው ሐይቆች

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለችው ቢሾፍቱ፣ ብዙዎች ዛሬም ደብረ ዘይት የሚሏት ከተማ፣ ለአንድ ቀን ጉዞ የምትመች ናት። ከተማዋን ብዙ ጊዜ የምናውቃት በሠርግ፣ በስብሰባና በሪዞርት ነው። መኪናችንን አቁመን፣ ምሳ በልተን፣ ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። በዚህ ወር ግን ሌላ ቢሾፍቱን ይሞክሩ፤ በእግር የምትታየዋን።

ከመሄድዎ በፊት ለልጆች አንድ ጥያቄ ይስጧቸው፦ «እነዚህ ሐይቆች ለምን ክብ ሆኑ?» መልሱ ከመሬት በታች ነው። ከረጅም ዘመን በፊት ከምድር ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ የነበረ የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኘ። ውኃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆነና መሬቱን በፍንዳታ ቀደደው። የቀረው ጉድጓድ በጊዜ ብዛት ውኃ ሞላበት። ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያና አረንጓዴ ሐይቅ የዚህ ፍንዳታ ልጆች ናቸው። ለዚህ ነው ዳርቻቸው እንደ ጽዋ ገደላማ የሆነው፤ ለዚህም ነው ጥልቀታቸው የሚያስደነግጠው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ከ20 ፎቅ ሕንፃ ቁመት ይበልጣል ማለት ነው።

ለእግር ጉዞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይጀምሩ። በዚያ ሰዓት ነፋስ የለም፤ ውኃው እንደ መስተዋት ይተኛል፤ የሐይቁ ጠርዝ ተገልብጦ ይታያል። በጠርዙ ላይ ያለውን መንገድ ተከትለው ይሂዱ እንጂ ወደ ውኃው ለመውረድ አይቸኩሉ። ከላይ ሲያዩት ሐይቁ ሙሉ ይታይዎታል፤ የውኃው ቀለም ከዳር ወደ መሀል እንዴት እንደሚጠቁርም ያያሉ። ለትንንሽ ልጆች 1 ሰዓት በቂ ነው፤ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች 3 ሰዓት ቢሆንም አይበዛም።

ሐይቆቹ ጎረቤት ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ይህን ማየት ከጉዞው ደስታዎች አንዱ ነው። አረንጓዴ ሐይቅ፣ በአካባቢው ስሙ ሆራ ሐዶ፣ ውኃው ጨዋማ ሶዳ ያለበት ሲሆን ቀለሙን የሚሰጠው ስፒሩሊና የሚባለው በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ሕይወት ነው። ሰዎች በመድኃኒት ቤት በእንክብል የሚገዙት ነገር እዚያ ሐይቁን ሙሉ ሞልቶት ያዩታል። ፍላሚንጎዎችም የሚመጡት ይህንኑ ለመመገብ ነው። ጨለለቃ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ጥልቀት የሌለው፣ ከዝናብ ጋር የሚሰፋና ከበጋ ጋር የሚጠብ ውኃ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብርድ ሲጀምር ወደ ደቡብ የሚሰደዱ ወፎች የሚያርፉትም እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ልጆችዎ ዳክዬ፣ ሽመላና ፔሊካን መቁጠር ቢጀምሩ ስልክ ማስታወሳቸውን ያቆማሉ። የሆነ ቦታ የተቀመጠ አሮጌ የርቀት መነጽር ካለዎት ያን ቀን ይያዙት።

ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ደቡብ ቢመለከቱ ከሜዳው ለብቻው ብድግ ያለ ትልቅ ተራራ ያያሉ። ዝቋላ ነው። ቁመቱ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ አናቱ ላይ ደግሞ ሌላ ሐይቅ አለ። በሐይቁ አጠገብ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛል፤ በየዓመቱ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምእመናን ለንግሥ ይወጣሉ። ለመውጣት ካሰቡ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ አስቀድመው ከሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። ባይወጡም ተራራውን በጣት ማሳየት በራሱ አንድ ታሪክ ነው።

ዕግር ሲደክም ከተማዋ ራሷ የምታሳየው አላት። ከሰማይ የአውሮፕላን ድምፅ ከሰሙ አይደነቁ፤ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ኃይሉ እንደ አዲስ ሲደራጅ ካገለገሉት መካከል የስዊድኑ አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ይገኙበታል። ከዚያው ከአየር ኃይል የወጡት ሠዓሊ ለማ ጉያ ደግሞ በፍየል ቆዳ ላይ በሚሥሏቸው ሥዕሎቻቸው የታወቁ ነበሩ፤ በከተማዋ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለልጆች የሚመች ማረፊያ ነው።

ቅጠሉን በክረምት የሚያራግፈው ዛፍ

ወደ ቢሾፍቱ ሲሄዱም ሆነ ሲመለሱ በመስኮት የሚያዩት የአድአ ሜዳ ነው። በጥቅምት ጤፉ ገና አረንጓዴ ሆኖ በነፋስ እንደ ውኃ ይተኛና ይነሣል፤ ኅዳር ሲገባ ወደ ወርቅ ይለወጣል። በ15 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ቢሄዱ ሁለት የተለያየ አገር ያያሉ። የአድአ ጤፍ በአዲስ አበባ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። በቢሾፍቱ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም «ቁንጮ» የተባለውን የጤፍ ዝርያ ያወጣ ነው። ልጅዎ ነገ ጠዋት የሚበላው እንጀራ ከየት እንደመጣ በዓይኑ ያየዋል።

ከእርሻው መሀል እዚህም እዚያም ተበታትነው የቆሙ ትልልቅ የግራር ዛፎች ያያሉ። ብዙዎቹ ገርቢ የሚባለው ዓይነት ናቸው። ይህ ዛፍ የዓመቱን ሥርዓት ገልብጦ ነው የሚኖረው። ሌላው ሁሉ ሲለመልም እሱ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሌላው ሲደርቅ እሱ በበጋ ይለመልማል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ አይቆርጠውም። ሰብሉ በሚያድግበት ጊዜ ዛፉ ጥላ አይጥልበትም፤ የወደቀው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፤ በበጋ ደግሞ ለከብት መኖና ጥላ ይሆናል። የቅጠል መርገፍ ማየት የሚፈልጉ ልጆች እንግዲህ ሌላ አገር መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ሰኔና ሐምሌ ተመልሰው መጥተው ይህን ዛፍ ይዩ።

ስለ ምግብም ጥቂት እንበል። በመንገድ ዳር የሚሸጥ እሸት ካገኙ ይግዙ፤ ልጆቹ ራሳቸው ይፈልፍሉት። ከቤት የሚያዘው ደግሞ ቀላል ይሁን፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በፔርሙዝ ሻይ። ማታ ቤት ሲመለሱ አባቶች «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይሉ የነበረው ለምን እንደሆነ ይገባዎታል። ብርዱ በአጥንት ይገባልና በዚህ ወር ትኩስ መረቅ ዋጋው ሌላ ነው። ሥጋው ቢወደድ የአጥንት ሾርባውም ይበቃል፤ አባባሉም የጠየቀው አንድ ብቻ ነው።

ራቅ ማለት ለሚፈልጉ፦ ወንጪ

አንድ ሌሊት ማደር የሚችሉ ከሆነ ወንጪን ያስቡ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በአምቦ በኩልም በወሊሶ በኩልም ይገባል። በአምቦ ገብተው በወሊሶ ቢወጡ አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ አያዩም።

ወንጪ ከቢሾፍቱ የሚለየው በከፍታውና በስፋቱ ነው። ከጠርዙ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ሐይቁ፣ እንሰት ያጠረው ጎጆ፣ የገብስ ማሳና ደን በአንድ ትልቅ ሳህን ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ። ቁልቁል መውረድ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ግን ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ትንፋሽ ያሳጥራል። ለአያቶችና ለሕፃናት የአካባቢው ወጣቶች ፈረስ ያከራያሉ። በሐይቁ ላይ ባለችው ደሴት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በጀልባ ይሻገራሉ። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ማታ እጅግ ይበርዳል፤ ካልሲ ደርቡ።

ማታ ማታ፦ ታሪክን ቀስ ብሎ ማንበብ

በጥቅምት 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ወዲያው ይገባል፤ ሰው ወደ ቤት ይሰበሰባል። የቀኑ ደስታ የእግር ከሆነ የማታው የመጽሐፍ ይሁን። የታሪክ መጽሐፍ ስልዎት ምክንያት አለኝ።

ዛሬ ልጆቻችን ስለ አገራቸው ታሪክ በብዛት የሚሰሙት ከስልክ ነው፤ ያውም በ1 ደቂቃ ቪዲዮ፣ በጭቅጭቅ መልክ። አንዱ ይሰድባል፣ ሌላው ይመልሳል። የ13 ዓመት ልጅ ከዚያ የሚወስደው ዕውቀት ሳይሆን ቁጣ ነው። ቁጣው ደግሞ ትምህርት ቤት ይገባል፤ በጓደኛሞች መካከል ይቀመጣል። ወላጅ ይህን በመከልከል አያሸንፈውም። ሊያደርግ የሚችለው ሌላ ዓይነት ታሪክ፣ ቀስ ያለ፣ ቦታና ቀን ያለው፣ ሰው ያለበት ታሪክ፣ በራሱ ሳሎን ማንበብ ነው።

ከየት ይጀመር? ከወቅቱ ይጀመር። የኢትዮጵያ ታሪክ ከአየሩ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ለማየት መጸው ጥሩ በር ነው።

የዓድዋን ዘመቻ ይውሰዱ። ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጁን ያስነገሩት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲገኝ አዘዙ። ለምን ጥቅምት? ልጆቹ ራሳቸው ያስቡበት። ክረምት ላይ ወንዞች ሞልተው አይሻገሩም፤ ጭቃው በቅሎ ይይዛል። መጸው ሲገባ ወንዙ ይጎድላል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ለበቅሎና ለፈረስ የሚሆን ሣር ደግሞ ገና በየሜዳው አለ። በሌላ ቀን በእግራቸው የሄዱበትን ያንኑ ደረቅ መንገድ፣ ያንኑ ለምለም ሣር ሲያስታውሱ ዘመቻው በካርታ ላይ ያለ ቀስት መሆኑ ይቀራል።

ከ40 ዓመት በኋላ የፋሺስት ጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ወራሪውም የዝናቡን ማብቃት ይጠብቅ ነበር። የሰገሌ ጦርነት የተካሄደው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱ በ1 ወሩ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከሸዋ ጦር ጋር የተጋጠሙበት ነው። የጦርነቱ ቦታ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ዛሬ ጤፍና ስንዴ ይዘራበታል።

ጥቅምት የጦር ወር ብቻ አይደለም፤ የዘውድም ወር ነው። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአዲስ አበባ የነገሡት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። መኳንንቱ ከየግዛታቸው፣ እንግዶቹም ከሩቅ የሚመጡት መንገድ ሲደርቅ መሆኑን ካሰቡ ቀኖቹ መቀራረባቸው አያስገርምም።

ለመጽሐፍ ምርጫ የሚቸገሩ ከሆነ ጥቂት ልጠቁም። የጳውሎስ ኞኞ «አጤ ምኒልክ» ለጀማሪ የሚመች ነው፤ አቀራረቡ የጋዜጠኛ ስለሆነ አይከብድም። የተክለ ጻድቅ መኩሪያ ሥራዎች ሰፊ ናቸው፤ ሥርዓት ያለው ንባብ ለሚወድ ይሆናሉ። የባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ደግሞ ለሁለተኛ ደረጃና ለዩኒቨርሲቲ ልጆች የሚስማማ፣ ምንጭና ክርክር እንዴት እንደሚመዘን የሚያሳይ ነው። የራስን ሕይወት ታሪክ የሚወዱ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ኦቶባዮግራፊ» ይያዙ፤ ጸሐፊው በልጅነታቸው የዓድዋን ዘመቻ ያዩ፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚነበብ ባይሆንም የድሮው ቤተ መንግሥትና አስተዳደር እንዴት ይሠራ እንደነበር ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ቢያዩት የሚያስደስት ነው።

አነባበቡን በተመለከተ ሦስት ነገር በቂ ነው። አንደኛ፣ ይጠር፤ በማታ 20 ደቂቃ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው ይስማ። የሚያነበው ሁልጊዜ አባት ወይም እናት አይሁን፤ ልጁም ያንብብ። ሁለተኛ፣ ካርታ ይኑር። ወረኢሉ የት ነው? መረብስ? ጣት ቦታውን ሲነካ ጭንቅላት አይረሳውም። ሦስተኛ፣ ስለ አንድ ነገር ሁለት መጽሐፍ ያንብቡ። ሰገሌን ወይም ልጅ ኢያሱን ሁለት ጸሐፊዎች እንዴት በተለያየ ዓይን እንዳዩ ልጅዎ ሲያስተውል፣ ነገ በስልኩ የሚመጣለትን ሁሉ አምኖ አይቀበልም። «ይህን ማን ጻፈው? ከየት አገኘው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች ጥያቄ ልጅ ከቤቱ ይዞት ሊወጣ ከሚችለው ስንቅ ሁሉ ትበልጣለች።

ቤትዎ ውስጥ ወይም በቅርብ አያት ካሉ ደግሞ መጽሐፉን ዘግተው እሳቸውን ይጠይቁ። ስለ ነገሥታት ሳይሆን ስለ ራሳቸው፦ «እርስዎ ልጅ ሳሉ ጥቅምት ላይ ምን ትሠሩ ነበር?» ከብት የት ይውል እንደነበር፣ እሸት እንዴት ይጠበስ እንደነበር፣ ወንዝ መሻገር በስንት ወር ይቻል እንደነበር ይነግርዎታል፤ የመጀመሪያውን መኪና መቼ እንዳዩም። ስልኩን ድምፅ መቅጃው ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት። እንደዚህ ያለው ታሪክ በየትኛውም መጻሕፍት ቤት አይገኝም፤ ሰውየው ሲያልፍም አብሮ ያልፋል።

ያነበቡትን ደግሞ በእግር ያጣሩት። የጥቅምት 25ቱን ንግሥ ካነበቡ በኋላ ባለው እሑድ እንጦጦ ማርያም ይውጡ። ቤተ ክርስቲያኑም ሙዚየሙም፣ የዐፄ ምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥትም እዚያው ናቸው። ከባሕር ዛፉ መሀል ቆመው ከተማዋን ቁልቁል ሲያዩ ንጉሡና ንግሥቲቱ ብርዱን ትተው ወደ ፍል ውኃው ለምን እንደወረዱ ማንም ሳያስረዳቸው ልጆቹ ይገባቸዋል።

ውኃው እንዲቆይልን

ሐይቅ ዘላለማዊ ይመስለናል። አይደለም። በምሥራቅ ሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ሲቀዳበት፣ ለመስኖ ሲሳብበትና በደለል ሲሞላ ኖሮ በ1990ዎቹ ማብቂያ ደረቀ። ጀልባ ይሄድበት በነበረበት ከብት ዋለበት። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለሱ ደስ ያሰኛል፤ የሄደበት መንገድ ግን ለሌሎቹም ማስጠንቀቂያ ነው።

የቢሾፍቱ ሐይቆች ሌላም ጭንቀት አለባቸው። ዳርቻቸው ከዓመት ወደ ዓመት በአጥር እየተያዘ ነው። የመግቢያ የሚከፍል በምቾት ያያቸዋል፤ የማይከፍል ደግሞ በሕንፃዎች መካከል በምትቀረው ቀዳዳ ያያል። ክፍት የሆነ የእግር መንገድ እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ከሌለ ክፍት መንገድ አይቀርም። ስለዚህ በእግር መሄድዎ መዝናናት ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ባለቤት እንዳለው ማሳየትም ነው። ይዘውት የሄዱትን ፕላስቲክ ይዘው ይመለሱ፤ ለልጅ አንድ ባዶ ከረጢት ሰጥተው የሌላውንም ቢያስለቅሙት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር አላልፍም። እነዚህ ሐይቆች ከዳር ጥቂት እንደተሄደ በድንገት ይጠልቃሉ፤ ዋና የሚችልም ሰው ይወስዳሉ። ሕፃናትን ከእጅ አይልቀቁ፤ ጀልባ ላይ ሲወጡ የሕይወት ጃኬት ከሌለ አይሳፈሩ። ከክረምት መውጫ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ደግሞ የወባ ወቅት ነው። ውኃ ዳር ካመሹ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀቡ። ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን አያዘግዩ።

አሁን የቀን መቁጠሪያዎን ያውጡና ከዛሬ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያሉትን ቅዳሜዎች ይቁጠሩ። ብዙ አይደሉም። ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ማኅበሩና እቁቡ የሚገባቸውን ሲወስዱ የሚቀረው ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ነው። ከእነዚህ አንዱን በእስክሪብቶ ክበቡበትና ለቤተሰቡ ይንገሩ። ጫማዎቹን ከዋዜማው ያዘጋጁ፤ መጽሐፉንም ከመደርደሪያው አውርደው ሶፋው ላይ ያኑሩት። ጤፉ ከመታጨዱ በፊት መድረስ ነው።